እንጥሉን ተዉት፣ ብናኙን አርቁት

(በሬዲዮ የተነገረ የጤና ትምህርት፤ ማንበብ ለጀመሩ ጎልማሶች በጽሑፍ የቀረበ)

የዛሬው ንግግራችን በቦንጋና በከፋ ዞን ላሉ ወላጆች ነው። ሌላ ቦታ ያላችሁም ስሙን። ነገሩ የብዙ ቤት ነገር ነው።

አንድ የአራት ዓመት ልጅ እናስብ። መስከረም ጠብቷል። ሣሩ አድጎ ራስ አውጥቷል። ልጁ ጠዋት ከመኝታው ሲነሣ ያስነጥሳል። አንዴ ብቻ አይደለም፤ አምስት ስድስት ጊዜ ተከታትሎ ነው። ከአፍንጫው እንደ ውሃ የቀጠነ ፈሳሽ ይወርዳል። ዓይኑን ያሻል። አፍንጫውን በመዳፉ ወደ ላይ ይፈትጋል። ሰውነቱ ግን አይተኩስም።

እናቱ «ጉንፋን ነው፣ ይለቀዋል» ትላለች። ሳምንት አለፈ፤ አልለቀቀውም። ሁለት ሳምንት ሆነው፤ ሦስት ሳምንት ሆነው። አሁን ደግሞ ማታ ማታ ያስላል። «ጉሮሮዬን በላኝ» ይላል።

ይሄኔ ጎረቤት ይመጣል። «እንጥሉ ወርዶ ነው፤ ይቆረጥለት» ይላል አንዱ። «ምች መቶት ነው፤ ይታጠን» ይላል ሌላው። «ዓይን በልቶት ነው» የሚልም አይጠፋም። ሁሉም ለልጁ አስበው ነው የሚናገሩት። ነገር ግን ልጁን የሚጎዳው በሽታው ሳይሆን ምክሩ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ልጁን የያዘው ምንድን ነው?

በሽታው ምንድን ነው?

በሽታው የአፍንጫ አለርጂ ይባላል። ከተማ ውስጥ ብዙ ሰው «ሳይነስ አለብኝ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ነው።

ሰውነታችን ዘበኛ አለው። ይህ ዘበኛ ጀርም ሲገባ ተነሥቶ ይዋጋል። የአንዳንድ ሰው ዘበኛ ግን እንግዳውን ሁሉ ሌባ ያደርገዋል። አንዲት ቅንጣት የአበባ ብናኝ አፍንጫ ውስጥ ስትገባ «ሌባ! ሌባ!» ብሎ ይጮኻል። ከዚያ አፍንጫው ያብጣል፣ ውሃ ያፈሳል፣ ያሳክካል። ልጁ የሚያስነጥሰው ብናኙን ለማስወጣት ነው። ብናኙ ራሱ መርዝ አይደለም። የተሳሳተው ዘበኛው ነው።

ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የእናት ጥፋት አይደለም። የዓይን ነገርም አይደለም። በቤተሰብ ውስጥ ግን ይወረሳል። አባት ወይም እናት አለርጂ ወይም አስም ካላቸው፣ ልጃቸውም የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላል።

ነገሩን ሐኪሞችም ቢሆኑ በአንድ ቀን አላወቁትም። ጆን ቦስቶክ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1819 እ.ኤ.አ. ስለዚህ በሽታ ጻፈ። በሽተኛው እሱ ራሱ ነበር። በየዓመቱ በበጋ ወራት ዓይኑና አፍንጫው ይታመም ነበር፤ ምክንያቱን ግን አላወቀም። ከዚያ በኋላ ቻርልስ ብላክሊ የሚባል ሌላ እንግሊዛዊ ሐኪም ተነሣ። እሱም ይህ በሽታ ነበረበት። የሣር አበባ ብናኝ ሰብስቦ በራሱ አፍንጫ ላይ ሞከረው፤ ያስነጥሰው ጀመር። የሚያጣብቅ ነገር የተቀባ መስታወት በወረቀት አሞራ ላይ አስሮ ወደ ሰማይ ሰደደ። መስታወቱ ሲወርድ ብናኝ ተለጥፎበት አገኘ። ብናኙ በነፋስ ተሸክሞ እንደሚሄድ በዚህ አወቀ። ውጤቱን በ1873 እ.ኤ.አ. አሳተመ።

ቡናው ነው ወይስ ሣሩ?

በከፋ ምድር ቡና ሲያብብ ጫካው ነጭ ይለብሳል፤ ሽታው ከሩቅ ይጠራል። ልጁ ያኔ ካስነጠሰ «የቡናው አበባ ነው» እንላለን። ነገሩን ግን እንለየው።

ደማቅና መልካም ሽታ ያለው አበባ ንብን የሚጠራ አበባ ነው። ብናኙ ከበድ ያለና የሚጣበቅ ነው። በንብ እግር ይሄዳል እንጂ በነፋስ ብዙ ርቆ አይበንም። የሣር አበባ ግን ንብ አይጠራም፤ የሚጠብቀው ነፋስን ነው። ብናኙ ቀላልና ብዙ ነው። ሣሩ ራስ አውጥቶ ነፋስ ሲያወዛውዘው ብናኙ ይነሣል። ስለዚህ በመጀመሪያ የምንጠረጥረው ያማረውን አበባ ሳይሆን፣ አበባ የማይመስለውን የሣር ራስ ነው።

ሣር ብቻም አይደለም። ከፋ ዝናብ የማያጣው አገር ነው። እርጥበት ያለበት ቤት ሻጋታ ያበቅላል። በመኝታና በብርድ ልብስ ውስጥም በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት ይራባሉ። የነዚህ ነፍሳት ኩስና የሻጋታ ብናኝ ልጅን ያስነጥሳሉ። የድመትና የሌላ እንስሳ ፀጉርና ፎረፎርም እንዲሁ። የሣር ብናኝ ወቅት ጠብቆ ይመጣል። የመኝታው ነፍሳትና ሻጋታው ግን ዓመቱን ሙሉ ሊያስቸግሩ ይችላሉ።

ቡናም ፈጽሞ ነጻ አይደለም። አበባው ሳይሆን አቧራው ነው የሚያስቸግረው። የደረቀ ቡና ሲወቀጥ፣ ገለባው ሲነፋና ጆንያው ሲራገፍ አቧራ ይነሣል። በቡና ማበጠሪያ ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች በጥሬ ቡና አቧራ አለርጂና አስም ሊይዛቸው እንደሚችል የታወቀ ነው። ስለዚህ ቡና ስትወቅጡ ልጁን በጀርባችሁ አዝላችሁ አትውቀጡ።

ከጉንፋን በምን ይለያል?

ጉንፋን ሲሆን ልጁ ትኩሳት ሊኖረው ይችላል። የአፍንጫው ፈሳሽ በኋላ ይወፍራል። ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ይሻለዋል።

አለርጂ ሲሆን ትኩሳት የለም። ፈሳሹ እንደ ውሃ ቀጭን ነው። ማሳከክ አለ፤ አፍንጫን፣ ዓይንንና ላንቃን ይበላል። ማስነጠሱ ተከታታይ ነው። ለብዙ ሳምንት ይቆያል። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወቅት ተመልሶ ይመጣል።

አንድ ነገር አስተውሉ። የአበባ ብናኝ አለርጂ ዓመት ባልሞላው ሕፃን ላይ እምብዛም አይታይም። የዚህ ዓይነት ሕፃን አፍንጫው ከፈሰሰ በመጀመሪያ ጉንፋንን አስቡ።

እንጥል ለምን ይጠረጠራል?

አፍንጫው ሲያብጥ ፈሳሹ በፊት ብቻ አይወርድም። ወደ ኋላም ወደ ጉሮሮ ይንጠባጠባል። ልጁ ሲተኛ ይህ ፈሳሽ ያስለዋል። ላንቃውንም ያሳክከዋል። ወላጅ አፉን ከፍቶ ሲያይ እንጥሉ ይታየዋል። «ይኸው፣ ወርዷል» ይላል። እንጥል ግን በሁሉም ሰው ላይ የተንጠለጠለ ነው። የልጁን ሳል ያመጣው የአፍንጫው ፈሳሽ ነው እንጂ እንጥሉ አይደለም።

እንጥል ማስቆረጥ ምን ያመጣል? ደም ይፈሳል፤ ትንሽ ልጅ ደግሞ ብዙ ደም የለውም። ባልጸዳ መሣሪያ ቁስሉ ያመረቅዛል። መንጋጋ ቆልፍም ሊመጣ ይችላል። አንድ ምላጭ ለብዙ ልጅ ከዋለ ሌላ በሽታ ያስተላልፋል። በዚህ ሕይወታቸው ያለፈ ልጆች አሉ። ማስነጠሱስ ይቆማል? አይቆምም። በሚመጣው መስከረም ልጁ፣ ከተረፈ፣ ያለ እንጥሉ ያስነጥሳል።

ማጠንም እንዲሁ ነው። ጭስ ያበጠውን አፍንጫ ይበልጥ ያሳብጠዋል። በፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ የተደፋ ልጅ ሊቃጠል ይችላል። ቅጠል ጨምቆ አፍንጫ ውስጥ መጨመርም ቁስል ያመጣል።

በቤታችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

አንደኛ፣ ጭስን አርቁ። ልጁ እሳት በሚነድበት ክፍል አይተኛ። ማድ ቤቱ ከመኝታው የተለየ ቢሆን መልካም ነው። ካልሆነ በርና መስኮት ክፈቱ፤ ደረቅ እንጨት አንድዱ። ቤት ውስጥ ትምባሆ አይጨስ። በጅማ የተደረገና በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ነበር። ጥናቱ በቤታቸው ነጭ ጋዝ በሚያነዱ ሰዎች ላይ አለርጂ በዝቶ እንደሚገኝ አሳይቷል።

ሁለተኛ፣ የቡናውን ሥርዓት አስተካክሉ። ቡና የእንግዳ ክብር ነው፤ ተዉት አንልም። ነገር ግን ሦስቱን ነገሮች ተመልከቱ። የሚጎዘጎዘው ሣር ራስ ያወጣ ከሆነ ብናኙን ይዞ ቤት ይገባል። የሚቆላው ቡና ይጨሳል። ዕጣኑ ይጨሳል። ልጁ በታመመበት ወራት ሣሩን ተዉት፤ ቡናውን ደጅ ቁሉት፤ ዕጣኑን አሳንሱት ወይም አስቀሩት። እንግዳውም ምክንያቱ ሲነገረው ቅር አይለውም።

ሦስተኛ፣ መኝታውን አጽዱ። ሣር ወይም ገለባ የተሞላ ፍራሽ ለዚህ ልጅ አይሆንም። ብርድ ልብሱንና አንሶላውን ቢቻል በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ እጠቡ። ደኅና አድርጋችሁ በፀሐይ አድርቁ። ስታሰጡ በገመድ ላይ ይሁን እንጂ በሣር ላይ አይሁን። ዶሮ፣ ድመትና ከብት ከመኝታው ቦታ ይራቁ።

አራተኛ፣ ስትጠርጉ ውሃ ርጩ። ደረቅ መጥረጊያ አቧራውን ከመሬት አንሥቶ ወደ ልጁ አፍንጫ ይወስደዋል። ልጁ ደጅ ሳለ ጥረጉ። ለመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርም ይህንኑ ንገሩ።

አምስተኛ፣ ልጁን እጠቡት። ከሜዳ ሲመለስ ፊቱንና እጁን ይታጠብ፤ ልብሱን ይቀይር። ማታ ከመተኛቱ በፊት ፀጉሩን በውሃ አርሱለት። ቀን የለበሰውን ልብስ ለብሶ አይተኛ። ሣር ሲታጨድና ድርቆሽ ሲከመር በአጠገቡ አይጫወት።

ስድስተኛ፣ አፍንጫውን በጨው ውሃ አጽዱለት። ግማሽ ሊትር ውሃ አፍሉና አቀዝቅዙ። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከአፉ ያልተረፈ፣ ጨምራችሁ አሟሙ። በንጹሕ ጠብታ ማድረጊያ በእያንዳንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ ሁለት ሦስት ጠብታ አድርጉ። ከዚያ ልጁ በቀስታ ይናፈጥ። ያልፈላ ውሃ አትጠቀሙ። የተረፈውን ለነገ አታሳድሩ፤ በየቀኑ አዲስ አዘጋጁ።

ደግሞም ጭስ የሚበዛባቸውን ቀናት አስታውሱ። አንዱ የደመራ ቀን ነው። ሌላው ኅዳር 12 ነው። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር የመጣው የኅዳር በሽታ ብዙ ሰው ፈጀ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቀን በብዙ ከተሞች ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል። ቆሻሻን ማስወገድ መልካም ነው። ጭሱ ግን አለርጂ ላለበት ልጅ ከባድ ነው። በዚያ ቀን ልጁን ከጭሱ አርቁት።

ስለ ማርም እንናገር። የከፋ ማር ስሙ የተጠራ ነው። ማር አለርጂን እንደሚያድን ግን አልተረጋገጠም። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ማር ፈጽሞ አይሰጥም። በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል አንድ ጀርም የሕፃኑን ጡንቻ የሚያዝል መርዝ ያመነጫል።

መድኃኒትና ማንበብ

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልተሻለው ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ለአለርጂ መድኃኒት አለ። ሴትሪዚንና ሎራታዲን የሚባሉት ማስነጠሱንና ማሳከኩን ይቀንሳሉ። እንቅልፍም ብዙ አያመጡም። ክሎርፌኒራሚን የሚባለው የቆየ መድኃኒት ግን ልጁን ያስተኛዋል። በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒትም አለ። የትኛው፣ ስንት፣ ለስንት ቀን እንደሚሰጥ የሚያዘው የጤና ባለሙያ ነው። ፀረ ጀርም መድኃኒት አለርጂን አያድንም። የታላቅ ሰው ኪኒን ቆርሳችሁ ለልጅ አትስጡ።

ማንበብ መቻላችሁ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የመድኃኒቱን ሣጥን ያዙና ሦስት ነገር አንብቡ። ስሙን፣ መጠኑንና የሚያበቃበትን ቀን። ቀኑ የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሣጥኑ ላይ 2025 የሚል ቢኖር፣ በእኛ አቆጣጠር 2017 ወይም መስከረም ከጠባ በኋላ 2018 ማለት ነው። «ገና ስንት ዓመት አለው» ብላችሁ ጊዜው ያለፈ መድኃኒት ለልጅ እንዳትሰጡ። ካልገባችሁ የመድኃኒት ባለሙያውን ጠይቁ። መጠየቅ አያሳፍርም።

መጻፍም ይጠቅማል። አንድ ደብተር ግዙ። ልጁ ባስነጠሰ ቀን ቀኑን ጻፉ። በዚያ ቀን ምን እንደተሠራ ጻፉ። «ጥቅምት 4። ሣር ታጨደ። ብዙ አስነጠሰው።» «ጥቅምት 9። ዘነበ። ደኅና ዋለ።» ከወር በኋላ መልሳችሁ ስታነቡት ልጁን የሚያስቸግረው ነገር ራሱ ይወጣል። ደብተሩን ለጤና ባለሙያው አሳዩ። ባለሙያው ልጁን የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ነው። እናንተ ግን ቀንና ሌሊት ታዩታላችሁ።

ሳትዘገዩ የምትሄዱት መቼ ነው?

የአፍንጫ አለርጂ ብቻውን ልጅን አይገድልም። ነገር ግን ሳንባ ምችና አስም ሊገድሉ ይችላሉ። አለርጂ ያለበት ልጅ አስምም ሊኖረው ይችላል። በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር የተደረገ፣ በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው እንደሚበዛ አሳይቷል። ከተማ ያላችሁ ወላጆች ይበልጥ አስተውሉ።

ልጁ ሳያለቅስ ወይም ተኝቶ ሳለ ትንፋሹን ቁጠሩ። ሰዓት ወይም ስልክ ይዛችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከሁለት ወር እስከ ዓመት ላለው ሕፃን 50 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ላለው 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። እንዲህ ከሆነ ዛሬውኑ ሂዱ። ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ካወጣ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ ወይም ከተንቀጠቀጠ አትዘግዩ። ሌሊትም ቢሆን ውሰዱት። በቦንጋ የገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል አለ። ራቅ ያላችሁ በቅርባችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ከአንድ የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ የሚሸት ፈሳሽ ከወጣ ይህ አለርጂ አይደለም። ልጆች የቡና ፍሬ፣ በቆሎና ባቄላ አፍንጫቸው ውስጥ ይከታሉ። ራሳችሁ ለማውጣት አትሞክሩ፤ ወደ ውስጥ ይገፋል። ባለሙያ ያውጣው።

ውድ አድማጮች፣ የነገራችን ማጠቃለያ ይህ ነው። ልጃችሁ ያለ ትኩሳት ለብዙ ሳምንት ካስነጠሰ፣ ምላጭ የያዘ ሰው አትጥሩ። ጭሱን አርቁ፤ አቧራውን አርጥቡ፤ ልጁን እጠቡ፤ ያያችሁትን ጻፉ፤ ባለሙያ ጠይቁ። ጎረቤታችሁ ማንበብ የማይችል ከሆነ ይህን ጽሑፍ አንብቡለት። ምናልባት ነገ ጠዋት አንድ ልጅ ለማስቆረጥ ያሰበ ቤት ይኖራል።

ለመለማመጃ የቀረቡ ጥያቄዎች

1. የአፍንጫ አለርጂ ከጉንፋን በምን በምን ይለያል?
2. የሣር አበባ ብናኝ ከቡና አበባ ብናኝ ይልቅ ለምን ይጠረጠራል?
3. አለርጂ ያለበት ልጅ ማታ ማታ ለምን ያስላል?
4. ቤታችሁ ያለ አንድ የመድኃኒት ሣጥን አንሡ። የሚያበቃበትን ቀን አንብቡና በእኛ አቆጣጠር ስንት እንደሆነ ጻፉ።
5. የልጃችሁን ትንፋሽ ለአንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ቁጥሩን ጻፉ።